እማዋይሽ አልተኛም አለች

አንገር ጉቲን የመንግሥት እርሻ በነበረበት ዘመን፣ ከወሎ ድርቅ ተርፈው በሰፈራ ከመጡት ሴቶች መካከል ትራክተር ልንዳ ብላ የጠየቀች እማዋይሽ ብቻ ነበረች። የእርሻው መካኒክ ከት ብሎ ሳቀ። ሴት መሪ ከያዘች ማሽላው ተጣሞ ይበቅላል አላት። እሷ ሳቁን እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው፤ ከዚያ «ፍሪሲዮኑ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችው።

እርሻው ፈርሶ ትራክተሮቹ ዝገው እስኪቀሩ ድረስ መሪ ጨበጠች። ባሏን ወባ ወሰደባት። ከዚያ ወዲያ በቆሎና ሰሊጥ እየዘራች አንድ ልጇን ራጉኤልን አሳደገች። ለሹምም ለባለጠጋም አንገቷን አትደፋም ነበር። የመንደሩ ሰው፣ እማዋይሽ ሞት ቢመጣባት እንኳ ቁጭ አድርጋ ትከራከረዋለች እያለ ያማት ነበር።

በመንደሩ ሰላም ሲጠፋ ራጉኤል መጥቶ ወደ ነቀምቴ ወሰዳት። እሱ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር የቀለምና የምስማር ሱቅ አለው። ሚስቱ ሊሊሴ የጊምቢ ልጅ ናት፤ አስተማሪ፣ በመካነ ኢየሱስም የመዘምራን አባል። እማዋይሽ መጀመሪያ ጋብቻውን አልወደደችውም ነበር። ልጇ ከሃይማኖቷም ከአገሯም ሰው ርቆ ማግባቱ ከንክኗታል። ያንን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ሊሊሴም አልጠየቀችም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ሁለት የተከበሩ እንግዶች ተጠባብቀው ይኖሩ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ እማዋይሽ ግቢው ውስጥ በቀዩ ጭቃ አዳልጧት ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ተኝታ ብረት ገባላት፤ ቀዶ ጥገናውም ደህና ሆነ። ስትወጣ ሐኪሙ ለራጉኤል አልጋ ላይ እንዳያስቀሯት፣ ቀን ቀን ወንበር ላይ እንዲያስቀምጧት፣ ስትተኛም ጎኗን እንዲቀያይሩላት ነገረው። ራጉኤል እሺ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ቤት በገቡ ማግስት ሊያስነሷት ብድግ ሲያደርጓት ግን እማዋይሽ ጮኸች። ባሏ ሲቀበር እንኳ ድምፅዋን ያላሰማች ሴት ናት። ራጉኤል ያን ጩኸት ሲሰማ መልሶ አስተኛት፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እናቱን ማንም እንዳያንቀሳቅሳት ከለከለ። ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛላት። ፍራሹ እንዳይረጥብ ላስቲክ አነጠፈበት። ቴሌቪዥኑን ከሳሎን አንሥቶ እግርጌዋ አቆመላት። ጠያቂ ሲመጣ «ትረፍበት፣ በሕይወቷ ሙሉ ደክማለች» ይል ነበር። ከልቡ ነው። እናቱን የጎዳት በክፋት ሳይሆን በስስት ነው።

እማዋይሽ በመጀመሪያ ጭራ አጥንቷ ላይ እሳት የተለኮሰ መሰላት። ፀሐይ ሲያግለው የዋለ የትራክተር ወንበር ላይ እንደመቀመጥ ያለ ነው አለች። ከዚያ ማቃጠሉ ተወት አደረጋትና ሁሉም ተሻላት ብለው ደስ አላቸው። ሊሊሴ አንሶላ ስትቀይር ቦታው ቀልቶ አየች፤ ነገሩን ለባሏ ብትነግረውም በመተኛት የሚመጣ ነው፣ ያልፋል አላት። መቅላቱ ውሃ ቋጠረ። ፈነዳ። ሰንብቶም እንደ ተቃጠለ ቆዳ ጠቆረ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ በዛብሽ ቅቤ ይዘው መጡ። ሌላው አልኮል አፍስሱበት አለ፤ ሌላው ደግሞ ደሙ እንዲዘዋወር አሹት አለና ታሸ። ባሹት ቁጥር ባሰበት። እማዋይሽ ቁስሉን ማየት አትችልም፤ ዓይኗ የማይደርስበት ቦታ ነው ያለው። ሽታውን ግን ከማንም ቀድማ አወቀችው። ጠያቂዎች ወደ አልጋዋ ጠጋ ብለው ሲስሟት ትንፋሻቸውን ይዘው እንደሆነም አወቀች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ በሰው ሞላ። ከአንገር ጉቲን የመጡ ዘመዶች፣ የዕድር ሰዎች፣ ወይዘሮ በዛብሽም አሉበት። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ እማዋይሽ እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸዋል። አንዱ ዘመድ፣ ክፉ ቢመጣ የሚቀበሩት እዚህ ነው ወይስ ባለቤታቸው ባረፉበት ብሎ ጠየቀ። የዕድሩ ሰው ድንኳኑ በዚህ ሳምንት በሌላ ሰው እንዳልተያዘ አስረዳ። ወይዘሮ በዛብሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የአልጋ ቁስል ከወጣ ወዲያ ሰው አይሰነብትም፣ ይሄ የመጨረሻው ምልክት ነው አሉ። የራጉኤል ድምፅ አልተሰማም።

እማዋይሽ ሊሊሴን ጠራች። የጠራችው ሊሊሴን ቢሆንም፣ ድምፅዋ በጣም ጎልቶ ስለነበር ሁሉም ደንግጠው ወደ በሩ መጡ።

«ድንኳኑን ለሚፈልገው ሰው አውሱት» አለች። «እኔ ገና ነኝ።»

ራጉኤል ወደ አልጋው ጎንበስ አለና፣ እማዬ በሞቴ ተረጋጊ፣ ተኝተሽ ዕረፊ አላት።

«ስተኛ ነው የበሰበስኩት» አለችው።

ከዚያ ፊቷን ወደ ምራቷ አዙራ፣ ይሄን ነገር የሚያውቅ ሰው እንድታመጣላት አዘዘቻት። የሚያባብላት ሰው አትፈልግም፤ የሚያውቅ ነው የምትፈልገው።

ሊሊሴ ያመጣቻት ሲስተር ናኦሚን ነው። ናኦሚ በከተማው ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ቁጥብና ቶሎ ቶሎ የምትናገር ነርስ ናት። ጓንት አጥልቃ ቁስሉን አየች፤ ዳር ዳሩን ዳሰሰች፤ ተረከዞቿንና ደህናውን ዳሌዋንም አየች። ላስቲኩን ከሥሯ ስባ አወጣችና ወለሉ ላይ ጣለችው። ላቡንም ሽንቱንም ቆዳዋ ላይ አቁሮ የሚያሰነብተው እሱ ነው አለች። ቅቤውም አልኮሉም ማሸቱም ከዛሬ ጀምሮ እንዲቀር ነገረቻቸው።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት እማዋይሽ።

«ጥልቅ ነው» አለች ናኦሚ። «ጥቁሩ ሥጋ ሞቷል፤ ሐኪም ያነሣዋል። ከዚያ በኋላ ከተሟገትነው ይሞላ ይሆናል፤ ወራት ይፈጃል። መመረዙ ወደ ደም ከገባ ግን ይገድልዎታል።»

እማዋይሽ ከምን እንደመጣ ጠየቀቻት። ናኦሚ፣ አጥንቱ ከውስጥ ፍራሹ ከውጭ ሆነው መሐል ያለውን ሥጋ ጨፍልቀው ስለያዙት ደም አልደረሰውም፣ ደም ያልደረሰው ሥጋ ደግሞ ይሞታል ብላ አስረዳቻት። እማዋይሽ ገባት። እርሻው ላይ ሥራ ሲጠፋ ትራክተሮቹን በግንድ ላይ ያነሷቸው ነበር፤ ካልተነሡ ጎማው መሬት በነካበት ጎኑ ይሰነጠቃል። ይሄንኑ ለናኦሚ ነገረቻት። ናኦሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና፣ አዎ፣ እንደዚያው ነው አለቻት።

ራጉኤል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በተንቀሳቀሰች ቁጥር ያማታል፣ ሰው እንዴት እናቱን እያሳመመ ያገላብጣል ብሎ ተከራከረ።

«ለሕመሙ ማስታገሻ አለው» አለችው ናኦሚ። «ለመበስበሱ ግን የለውም።»

ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ አነሣው። እማዋይሽ ከሆስፒታል ስትመለስ ጭራ አጥንቷ ላይ የሕፃን ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ ነበር። ናኦሚ ለሊሊሴ አጠባውን አስተማረቻት፤ ጨው በገባበት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እያጠቡ፣ ሳያጨናንቁ በንጹሕ ፋሻ መሸፈን ነው። የአገላበጡንም ዘዴ አሳየቻት። በጎን ሲያስተኟት ሙሉ በሙሉ ዳሌዋ ላይ እንዳትወድቅ ከጀርባዋ ትራስ ደግፈው ጋደም ማድረግ፣ ተረከዟ ፍራሽ እንዳይነካ ከባቷ ሥር ሌላ ትራስ ማድረግ፣ ስትነሣም አንሶላውን በሁለት ወገን ይዞ ማንሣት እንጂ መጎተት እንደማይገባ። አልጋ ላይ ስትሆን በየሁለት ሰዓቱ ትዞራለች። ሌሊቱን ባልና ሚስት ተካፈሉት። ቀን ሊሊሴ ትምህርት ቤት ስትሆን ራጉኤል ሱቁን እየዘጋ ይመጣል።

በዚያ ሥራ መሐል በሁለቱ ሴቶች መካከል የነበረው ነገር ተለወጠ። ሰውን ለማገላበጥ ማቀፍ ግድ ነው። እማዋይሽ ክንዷን የሊሊሴ አንገት ላይ ጥላ፣ ደረት ለደረት ተያይዘው ሲነሡ፣ እንደ ተከበረ እንግዳ መጠባበቅ የሚባል ነገር የለም። አንዷ ታቃስታለች፤ ሌላዋ ታልባለች። ሊሊሴ ድሮ «እማማ» ነበር የምትላት፤ ሳታስበው «ሃርሜ» ማለት ጀመረች፤ በራሷ ቋንቋ እናቴ ማለቷ ነው። እማዋይሽም ሰምታ ዝም አለች። ሊሊሴ የሰዓቱን ነገር የረሳች እንደሆነ ግን ዝም አትልም። ከአልጋዋ ሆና ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች፤ ምግብ ቢያርም፣ እንግዳ ቢኖርም፣ ወንጌል ሊሰብኩላት የመጡ ሰዎች ቢሆኑም ግድ የላትም።

የራጉኤል ነገር አስቸጋሪ ሆነ። ያነሣታል፣ ይደግፋታል፤ ገላዋን ግን አያይም። ፋሻ ሲቀየር ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ሊሊሴ ለአስተማሪዎች ሥልጠና ጊምቢ ሄዳ እናትና ልጅ ብቻቸውን ዋሉ። እማዋይሽ ሽንቷ አምልጧት ረጠበች። ልጇን ጠርታ ነገረችው።

«ሊሊሴ እስክትመጣ ትንሽ ታገሺ» አላት።

«ቁስሉ አይታገሥም።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ወንድ ልጅሽ ነኝ። እንዴት አድርጌ…»

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው። «እጅህ ግን ይሥራ።»

ውሃ አመጣ። እውነትም ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ጥቂት እንደቆየ ግን ፋሻው መርጠቡ በእጁ ታወቀው፤ ረጥቦ ሊተው አይችልም፤ ሊቀይረው ደግሞ ማየት አለበት። ዓይኑን ገለጠ። ወራቱን ሁሉ በአንድ ቤት ሲኖር ያንን ቁስል ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነው። እማዋይሽ ፊቷ ወደ ግድግዳው ስለነበር የልጇን ፊት አላየችም፤ እጁ ግን ቀጥ ሲል ተሰማት። ከዚያ እጁ እንደገና ተንቀሳቀሰ። አጠባት፣ አደረቃት፣ ሲስተር ናኦሚ ስትናገር ከበሩ ውጭ ሆኖ በሰማው መሠረት ሸፈነላት። ሲጨርስ ሳህኑን ይዞ ወደ ግቢ ወጣና ውሃውን ሳይደፋ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ «ትረፍ» የምትለው ቃል ከአፉ አልወጣችም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ትግል መጣ። ናኦሚ ጉድጓዱን የሚሞላው ምግብ ነው ብላ ነበር፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ከተገኘም ሥጋ። እማዋይሽ ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ጾም ገድፋ አታውቅም። በድርቁ ዘመን እንኳ የሚበላ ሲጠፋ «ጾም ላይ ነኝ» እያለች በኩራት ያለፈች ሴት ናት። ሽሮና አተር እየበላች ቀጠለች፤ ያውም ሰዓት ጠብቃ። ሰውነቷ ሟሸሸ። ሊሞላ ጀምሮ የነበረው ቁስል ቆመ። ሊሊሴ ልትናገር ፈራች። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ያንን ጾም አይጾምም፤ ብዪ ብትላት ከሃይማኖቷ ልታወጣት የፈለገች ይመስልባታል። ስለዚህ ነጠላዋን ለብሳ ራሷ ሄዳ የአማቷን የንስሐ አባት አባ ገብረክርስቶስን ይዛ መጣች።

አባ ገብረክርስቶስ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው የነርሷን ቃል ከሊሊሴ ሰሙ። ብዙ አላስተማሩም።

«ለጤነኛ ጾሙ መተው ነው፤ ለበሽተኛ መታዘዝ ነው» አሏት። «ልጄ ሆይ፣ ብዪ።»

እማዋይሽ በሕመሟ ዘመን ሁሉ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መውደቋ፣ መቆረጧ፣ መሽተቷ አላስለቀሳትም፤ ከትንሽነቷ ይዛ የመጣችው አንድ ነገር ከእጇ መውጣቱ ግን አስለቀሳት። ካለቀሰች በኋላ ፊቷን ጠረገችና በርበሬ ያልበዛበት እንቁላል ጥበሺልኝ አለቻት ምራቷን። በሩንም እንዳትዘጋው ነገረቻት፤ ተደብቃ አትበላም።

ስትበላ ወይዘሮ በዛብሽ ገቡ። ሳህኑን አይተው ደረታቸውን ያዙ።

«በሁዳዴ?» አሉ።

«አዎ፣ በሁዳዴ» አለች እማዋይሽ። «ተቀመጪና ጨው አቀብዪኝ።»

ወይዘሮ በዛብሽ ተቀምጠው ጨውን አቀበሏት። ከሰነበቱ በኋላም አንድ ቀን ከቤታቸው ዶሮዎች እንቁላል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡ፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብለው ለሊሊሴ ሰጧት።

ነገሩ ግን በአንድ መንገድ ብቻ አልሄደም። ከፋሲካ በኋላ እማዋይሽ በትኩሳት ነደደች። ቁስሉ እንደገና መግል ያዘ፤ ናኦሚ አይታ ዛሬውኑ ሆስፒታል አለች። መድኃኒት በደም ሥሯ እየገባላት ከረመች። አንዳንድ ቀን ራጉኤልን አታውቀውም፤ ትራክተሩን ማን ወሰደው እያለች ትቆጣዋለች። በሰፈሩም የድንኳኑ ወሬ ተመልሶ ተነሣ። ራጉኤልና ሊሊሴ ግን በሆስፒታሉ አልጋ ላይም አንሶላውን በሁለት ወገን ይዘው እያነሡ ጎኗን መቀየር አልተዉም። ዎርዱ በሕሙማን የተጨናነቀ ነበር፤ ነርሶቹ የሚያግዝ ቤተሰብ ሲያገኙ ደስ አላቸው። ትኩሳቱ ለቀቃትና አንድ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ ስለ መገላበጫዋ ሰዓት ጠየቀች። አሥር ደቂቃ አልፏል አላት ራጉኤል። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

ክረምቱ ሲገባ ከጉድጓዱ ሥር ቀይ ጤነኛ ሥጋ እየተነሣ መጣ። ቶሎ አይሄድም፤ ሊሊሴ አንዳንድ ሳምንት ምንም ለውጥ አላይበትም ብላ ተስፋ ትቆርጥ ነበር። ጳጉሜን ላይ ግን ዳርና ዳሩ ተገናኘ። የተረፈው ጠባሳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። ናኦሚ ከተኙበት መልሶ ይከፈታል ብላ አስጠንቅቃታለች። እማዋይሽ አሁን የብረት መደገፊያ ይዛ እስከ ግቢው በር ትሄዳለች፤ ከዚያ በእግሯ አታልፍም፤ እንደ ድሮዋ መቼም አትሆንም። ወንበር ላይ ስትቀመጥም ቶሎ ቶሎ እጀታውን ተመርኩዛ መቀመጫዋን ብድግ ታደርጋለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ይሄን ስታደርግ ሰው ዞር ብሎ ያያታል።

በጥቅምት ሊሊሴ አንድ ወሬ አመጣች። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የሚኖሩ ኦቦ ጂሬኛ የሚባሉ ጡረተኛ ሹፌር ግማሽ አካላቸው ከዳቸውና ተኝተዋል። ልጃቸው ጉደታ ከሊሊሴ ጋር አብሮ ይዘምራል። ሊሊሴ ይሄን ያለችው እንዲሁ በጨዋታ መሐል ነበር። እማዋይሽ ግን ባጃጅ ጥሪልኝ አለች።

የጉደታ ቤተሰብ በአክብሮት ተቀበላቸው። «አካም ጂርቱ» ተባባሉ፤ የልጅ፣ የከብት፣ የዝናቡ ደህንነት ሁሉ ተጠየቀ። እማዋይሽ ኦሮምኛውን የተማረችው በቆላው ገበያ ነው፤ የወሎ ቅላጼዋ አልለቀቃትም፤ ግን ትግባባለች። ለእሷ ደህና ወንበር አልጋው አጠገብ አስቀመጡላት። ኦቦ ጂሬኛ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ነጭ ጋቢ እስከ አንገታቸው ተሸፍነው፣ ጣሪያውን ያያሉ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ሽማግሌው ንጹሕ ናቸው፤ ገና ሳይሞቱ የተገነዙ ይመስላሉ።

እማዋይሽ ተረከዛቸውን አሳዩኝ አለች። ጉደታ ነገሩ አልገባውም። ሲገባው ቅር አለው። በትሕትና፣ አባቴ ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው፣ ይረፉ፣ ስናንቀሳቅሳቸው ያማቸዋል አላት። እማዋይሽ ልጇን ራጉኤልን የምትሰማ መሰላት።

«እሳቸውን እስክታገላብጡ ድረስ ከዚህ አልነሣም» አለችው።

ጉደታ ወደ ሊሊሴ ዞረ። ሊሊሴ መሬት መሬት አየች። አማቷ ብትፈልግ እንኳ ብቻዋን ከዚያ ወንበር መነሣት እንደማትችል ለመናገር ጊዜው አልነበረም። የቤቱ ሴቶች ከጓዳ ብቅ አሉ። ይሄን ጊዜ ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ። የኦቦ ጂሬኛ አፍ ተጣሟል፤ ቃል ሲወጣቸው ድንጋይ እንደሚፈነቅል ሰው ነው። መጀመሪያ ማንም አልሰማቸውም። ደገሙት።

«ጋረገልቻ» አሉ። አገላብጡኝ ማለታቸው ነው።

ጉደታ ጋቢውን ገለጠ። ሊሊሴ እጁን የት እንደሚያደርግ አሳየችው፤ በአንሶላው በወዲህና በወዲያ ይዘው አነሷቸውና በጎናቸው ጋደም አደረጓቸው። ሽማግሌው አቃሰቱ፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ሁለቱም ተረከዛቸው ቀልቷል። ሊሊሴ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ቅላቱ አልጠፋም፤ ቆዳው ግን ገና አልተከፈተም። ነገ ሲስተር ናኦሚን ይዤ እመጣለሁ አለች። ጉደታ የአባቱን እግር በእጁ ይዞ ቀና ብሎ እማዋይሽን አየ።

«ይሄን እስከ መቼ ነው የምናደርገው?» ብሎ ጠየቃት።

«እስካሉ ድረስ» አለችው።

ጉደታ ተነሥቶ ትራስ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ።